በመክት ሆድ ውስጥ የታየው ነገር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ነው። የማልረሳው አባቴን ያን ቀን እንደ አዲስ ስላወቅሁት ነው።

መክት የሚባል ዘጠኝ ዓመት የሞላው ውሻ አለን። ክረምት ላይ ጎኑን ሳክለት ጠንካራ እብጠት አገኘሁበት። ቢቸና ያለው የእንስሳት ሐኪም ዳብሶ፣ "ካንሰር ሳይሆን አይቀርም" አለን። "ሞጣ አልትራሳውንድ ያላት ሐኪም አለች። ወደ ውስጥ ካልተሰራጨ ቆርጣ ታወጣዋለች። ከተሰራጨ ግን ከሚሠቃይ መርፌ ተወግቶ ቢያርፍ ይሻላል።" በባዶ ሆዱ ይምጣ ብሎም ደጋግሞ አስጠነቀቀን።

አባቴ "ሰው ሳይታከም ለውሻ!" ሲል ከርሞ፣ የምንሄድ ዕለት ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም ስላሉን አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ወጣን። አብረውን የተሳፈሩ አንዲት ሴትዮ፣ "የኔ ልጅ፣ ይህን ያህል አጅባችሁት የት ልትድሩት ነው?" አሉኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ሞጣ ስንደርስ ዶክተሯ የመክትን ሆድ ላጭታ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችው። መሣሪያው የላሞችን እርግዝና የምታይበት ነው። እኔ ጭንቅላቱን ያዝኩ። እስክሪኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተራመሳል።

"ጉበቱ ደህና ነው። ጣፊያውም ደህና ነው።"

ከዚያ እጇ ቆመ። መልሳ ጫነችው።

"እዚህ ሌላ አለ" አለች። "እንቁላል ያህላል። ተሰራጭቷል መሰለኝ። አዝናለሁ አባቴ። ልጅቷ ትውጣ?"

መክት እጄን ይልሳል። አባቴን ሳየው ላብ አጥምቆታል።

"ዶክተር" አለ ድምፁ ሰልሎ፣ "ዳቦም እንዲህ ሆኖ ይታያል?"

"የምን ዳቦ?"

"ጠዋት ይቺ ስትለብስ ሰጠሁት። ቤቴን ሲጠብቅ የኖረ፣ ስንቅ ሳይቀምስ መንገድ ላውጣው እንዴ?"

"አባቴ! በዳቦዎ ልገድለው ነበር እኮ!"

ግን ዳቦ ይሁን ካንሰር እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። ነገ ተመለሱ አለችን። እዚያው ሞጣ፣ አክስቴ ቤት አደርን። አባቴ መክትን አጠገቡ አስሮ፣ "ማንም ምንም እንዳይወረውርለት!" እያለ አክስቴን ሳይቀር ሲቆጣ አመሸ። እኔም እሱም እራት አልወረደልንም።

በማግስቱ ዶክተሯ እዚያው ቦታ ላይ ጫነች። ወዲያ ወዲህ አዟዟረችው።

"ባዶ ነው" አለች። "ምንም የለም።"

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ጮህኩ፤ መክትም አብሮኝ ጮኸ። እብጠቱን በዚያው ቀን ቆርጣ አወጣችው።

እንዳይመለስበት በየጊዜው መታየት አለበት፤ ስጋቱ አልለቀቀኝም። ግን ያን ቀን ሳስበው ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታው ይበልጥብኛል። አባቴ አፍሮ ዝም ቢል ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር። በእኔና በዶክተሯ ፊት ጥፋቱን ሲናገር እንዲያ ላብ አጠመቀው፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።