ፈረስ የበላው የጎል መረብ

በሜዳ ጠባቂነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አበራ አንድ አካፋ፣ አንድ ዶማና አንድ ጥቅል ሲባጎ አስረከቡኝ። "ሜዳው ያውልህ" ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ድንጋይ ነው። ድሮ ፈረስ ይጋለብበት የነበረ ተዳፋት፤ ኳስ ከላይ ብትለቅበት ተንከባሎ ሞላሌ ገበያ ይገባል።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ እኮ ሜዳ አይደለም" አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን የቀጠርንህ መሰለህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ድንጋዩን ለቀምኩ፣ ጉብታውን ቆርጬ ጎድጓዳውን ሞላሁ። የጎሎቹን ቋሚና አግዳሚ ከባሕር ዛፍ ሠራሁ። ኖራ ስላልነበረ መስመሩን በአመድ አሰመርኩ፤ የሞላሌ ነፋስ ግን ጠዋት ያሰመርኩትን ከሰዓት ይዞት ይሄዳል። አመዱን በውኃ በጥብጬ በጣሳ ማፍሰስ ስጀምር ነው የተገላገልኩት።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። የአውራጃው ውድድር ሞላሌ የሚደረገው ጎሎቹ መረብ ካላቸው ነው፤ ከሌላቸው ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ዘመሮ ይዛወራል። የእኛ ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ሜዳ ሲጫወቱ ኖረዋል። እናቶቻቸው እንኳ ሲጫወቱ አይተዋቸው አያውቁም። መረብ ደግሞ ከየት ይምጣ? የተሰጠኝ ሲባጎ ለአንድ ጎል እንኳ አይበቃም።

በመጨረሻ የጓሳ ሣር ትዝ አለኝ። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፤ መረብ ለምን አይሆንም? ግን የጓሳ ሣር እንደፈለጉ አይታጨድም፤ ጊዜውን የሚወስኑ ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ጋሽ ተሰማ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ።

"ለኳስ? እናንተ ልጆች ጤናም የላችሁ!" ብለው ሳቁ። "በል እሺ፣ ሁለት የአህያ ጭነት እጨድ። ብቻ የጨዋታው ቀን ጎሉ አጠገብ ቦታ ትሰጠኛለህ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! የፈለጉት ቦታ የእርስዎ ነው።"

መዳፌ እስኪላጥ ገመድኩ። መረቡን የሰቀልኩ ዕለት ሰው ከገበያ እየወጣ ሊያይ መጣ። እኔም እንደ ሙሽራ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዘመሮ ጋር ነበር። ጋሽ ተሰማ በዳማ ፈረሳቸው መጥተው ልክ ከላይኛው ጎል ጀርባ አሰሩት። ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ ምን ልበል? አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዞር ብል ፈረሱ አንገቱን አስግጎ መረቤን ይግጣል። "ኧረ በሥላሴ!" ብዬ ሮጥኩ። ልጓሙን ስይዝ የዘመሮ አጥቂ መታ። ኳሷ በቋሚው ውስጥ በኩል ገብታ፣ ፈረሱ በበላው ቀዳዳ ሾልካ እግሬ ሥር ቆመች።

ሕዝቡ "ውጭ ናት!" ብሎ ጮኸ። ዳኛው ርቆ ስለነበር አላየም። እየሮጠ መጥቶ "ሜዳ ጠባቂው፣ በየት በኩል አለፈች?" አለኝ። ጓድ አበራ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ልጆቻችንም አፌን አፌን ያዩኛል።

"ገብታለች" አልኩ። "ፈረሱ በበላው በኩል ነው የወጣችው።"

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ጓድ አበራ በንዴት "ነገ አካፋውን ታስረክባለህ! መረቡ ተበልቶ ውድድሩም በአንተ ሰበብ ዘመሮ ሄደልህ!" አሉኝ። ጋሽ ተሰማ ሳቃቸው አላቋርጥ ብሏቸው "የበላው የእኔ ፈረስ፣ የምትቆጡት ልጁን!" ይላሉ።

የዘመሮው አሠልጣኝ ይህን ሲሰማ መጣ። "ምን ሲደረግ? መረቡን ይጠግንልን እንጂ ውድድሩ እዚሁ ይቀጥላል" አለ። "እውነት ለመናገር፣ እኛ አገር ቢሆን ይቺን ጎል ማንም አያጸድቅላችሁም ነበር።" ጓድ አበራ ወደ እኔ ዞረው "በል፣ ምን ቆመሃል? ጠግን!" አሉኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም፤ የፈረሱን አንገት አቅፌ ሳምኩት።

የቀሩትን ጨዋታዎች አሸንፈን ለዋንጫው ከዘመሮ ጋር ዳግም ተገናኘን፤ እነሱንም ሁለት ለባዶ አሸነፍን። እናቶች ሜዳ ገብተው እልል አሉ፤ የአመዱን መስመር በእግራቸው አጠፉብኝ፣ እኔም አብሬ ጨፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሜዳ ጠበቅሁ። ሥራውን ለተረከባችሁ የምለው ይኸው ነው፦ ሜዳ ስትሠሩ የአገሩ ልጅ እንዲያሸንፍበት ብላችሁ አትሥሩ። ተሸንፎ የሄደ እንግዳ ተመልሶ ሊጫወትበት የሚፈልገውን ሜዳ ሥሩ።