ዝምተኛውን ቀልደኛ ያደረግሁ ዕለት

ከገንዳ ውሃ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ እንደ እኔ ያለ ፊልም አስተርጓሚ አልተወለደም፤ ወደፊትም አይወለድም። የስንቱ አገር ጀግና በእኔ አፍ አማርኛ ተናግሯል! ሕንዱም፣ ቻይናውም፣ ከሌላ ዓለም በእሳት ኳስ ተጭኖ የመጣውም። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ድምፃቸው አንድ ነበር፤ ባለቤቴ «ጉንፋን የያዘው ፍየል» የምትለው የእኔው ድምፅ። እርግጥ ነው፣ በትምህርት ቤት ከወደቅሁባቸው ትምህርቶች ሁሉ ቀድሜ የወደቅሁት በእንግሊዝኛ ነው። የሕንዱንና የቻይናውን ቋንቋማ አታንሱብኝ። ግን ማይክሮፎኑ በእኔ እጅ ነበር። ማይክሮፎን የያዘ ሰው ደግሞ ቋንቋ አይቸግረውም።

ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። የቤቱ ባለቤት ብዙ ዘመን ሱዳን ኖረው የተመለሱ ሴትዮ ናቸው፤ በሩ ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ከርከዴ ይሸጣሉ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ እሑድ እሑድ፣ ሳሉጎቹ ከእርሻ ካምፓቸው በትራክተር ተሳቢ ተጭነው ከተማ ይገባሉ። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ሳሉግ ነው የምንላቸው። ፀጉራቸውን ይቆረጣሉ፣ ሳሙና ይገዛሉ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ፊልሙ ይከፈታል፤ እኔም ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማዬ ላይ ሆኜ የገባኝን አስተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን እፈጥራለሁ። የቤቱ ሙቀት ለጉድ ነው። አንድ ቀን የገባች ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ጥላ ወጥታለች።

ያን ዓመት አጨዳው ሲጀመር ያሳየነው የአንድ ጭምብል ለባሽ ጀግና ፊልም ነበር። መኪና በአንድ እጁ ያነሳል፣ ግድግዳ በትከሻው ይንዳል፣ ግን አይናገርም። ታናሽ ወንድሙ ሕንፃ ውስጥ ተቃጥሎ ሲሞት እሱ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋ። ሳሉጎቹ «ዝምተኛው» አሉት። ለእኔ ግን መቅሠፍት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ የማይናገር ሰው እንዴት ይተረጎማል? ቤቱ ሙሉ ሰው እሱን እያየ ጸጥ ሲል፣ እኔ ማይክሮፎኔን እንደ ቆሎ ጨብጬ ላቤን ስጠርግ ዋልሁ።

ከተመልካቾቹ መካከል ከጎጃም የወረደ፣ የአሥራ አምስት አጫጆች አለቃ የሆነ ሰው ነበር። ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ነው ፊልም የሚያየው። ሠራተኞቹን በሌባ ጣቱ ደጋግሞ መቁጠር ይወዳል፤ ከተሳቢው ሲወርዱ ይቆጥራቸዋል፣ ቤቱ ሲገቡ ይቆጥራቸዋል፣ ሲወጡ ይቆጥራቸዋል። ምክንያት ነበረው። ባለፈው ዓመት በአረም ወቅት ታናሽ ወንድሙን ካምፕ ውስጥ ወባ ጣለበት። ትራክተር ፍለጋ የሄደው እሱ ነበር። ትራክተሩ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጎትተው አውጥተው ሲደርሱ ልጁ ሞቷል። የቀበረውም እዚሁ ቆላ ነው።

ያንን ፊልም ሦስት እሑድ ተመላልሶ አየው። በሦስተኛው እሑድ በሩ ላይ ከርከዴ እየጠጣን፣

«ወንድምዓለም» አለኝ፣ «ይኼ ሰው አልጮኸም። ወንድሙ ሞተበት፤ ተነሥቶ ሥራውን ሠራ። እንዲህም ይቻላል ማለት ነው።»

ሠራተኞቹ ይህን ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱንም «ዝምተኛው» ይሉት ጀመር፤ በአክብሮት። ደመወዝ የጨመረ ሁሉ አጫጅ በሚያስኮበልልበት ወቅት፣ የእሱ አሥራ አምስት ሰዎች አሥራ አምስት ሆነው ከረሙ።

ከዚያ ክፍል ሁለት በፍላሽ መጣ።

ክፍል ሁለት የሚባል ነገር ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጀግና በእጄ አልፏል። በክፍል አንድ ሲገባ ትንፋሽ የሚያስይዘው ሰውዬ፣ በክፍል ሁለት የበሩ ደፍ ላይ ይደናቀፋል። ፊልም ሠሪዎቹ ሰው አንዴ ከሳቀላቸው ማቆሚያ የላቸውም። የነፍስ አባት ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ እንደማየት ነው፦ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ፤ በሳምንቱ ኃጢአትህን ልትነግራቸው ስትንበረከክ ግን ትከሻቸው ትዝ ይልሃል። ዝምተኛውም አፍ አውጥቶ መጣ። ካባውን የአሳንሰር በር ይይዝበታል። ከድመት ጋር ይጣላል። መኪና አንሥቶ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠፋዋል።

እኔማ እልል አልሁ። በመጨረሻ የምተረጉመው ሰው አገኘሁ! ደግሞ የፊልሙ ቀልድ አልበቃኝም። ጀግናው በጎጃሙ ሰውዬ ድምፅና አነጋገር እንዲናገር አደረግሁ። ካባው በር ሲይዘው «ወንድምዓለም ልቀቀኝ፣ አጨዳ ላይ ነኝ!» አሰኘሁት። ጠላቶቹን በሌባ ጣቱ «አንድ፣ ሁለት… ቁም እንጂ፣ እንደገና!» እያለ አስቆጠርሁት። ቆርቆሮው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ሱዳን ድረስ ተሰምቷል ብል አላጋነንሁም። አሥራ አምስቱ አጫጆች እየዞሩ አለቃቸውን ያያሉ። እሱም ፈገግ ብሎ ነበር። ቀልድ የማይችል ሰው አልነበረም።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ጀግናው ጭምብሉን አውልቆ ወንድሙ መቃብር አጠገብ ተቀመጠ። አንዲት አጭር ነገር ተናገረ፤ ተናግሮም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል። አሥራ አምስቱ ሰዎች ወደ እኔ ዞረው ቃሉን ይጠብቃሉ። የጎጃሙ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

እኔም በእሱው ድምፅ፦ «ተነሥ አንተ ሰነፍ! አንተ እዚህ ተጋድመህ እኔ ብቻዬን ልጨድ?»

መጀመሪያ የሳቀው አንድ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። ከሁለት ሰዓት ሳቅ በኋላ አፍ በራሱ ይከፈታል፤ በእነሱ አልፈርድም። ሰውዬው ባርኔጣውን አደረገ፣ ማጭዱን ብብቱ ሥር አስተካከለ፣ ወጣ። ያን ቀን ሲወጡ አልቆጠራቸውም።

ሴትዮዋ ከበሩ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል።

«ያ ዞል» አሉኝ፣ እንደ ሱዳኖቹ «አንተ ሰው» ማለታቸው ነው፤ ይህን የሚሉኝ ሲቆጡ ነው። «ሰው ካላሳቅህ ትንፋሽ አይወጣልህም?»

«እትዬ፣ ፊልሙ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ፊልሙ የጎጃም ሰው መቼ ሆነ?»

ማይክሮፎኑን አጠፋሁ። ለእኔ ይህ ከተአምር ይቆጠራል።

በሳምንቱ ከካምፑ ወሬ መጣ። አንድ አጫጅ ነዶው ላይ ጋደም ባለ ቁጥር ሌላው «ተነሥ አንተ ሰነፍ!» ይላል፤ ሜዳው ይስቃል። አለቃው ተው ሲል ይብስባቸዋል። «ወንድምዓለም ልቀቀኝ!» ይሉታል። መጀመሪያ ሁለቱ ወደ ሌላ ካምፕ ኮበለሉ፤ ቀጥሎ አራት። ሰውዬው መቁጠሩን ተወ።

በሚቀጥለው እሑድ ብቻውን፣ ፊልሙ ሳይጀመር መጣ። ሴትዮዋ ከርከዴ ቀዱለት፤ አልጠጣም። በርጩማዬ ፊት ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ መጥቼ ነው። መቃብሩ ላይ… እውነት እንዲያ ነው ያለው?»

«ኧረ በፍጹም» አልሁት። ይህችን ያህል እንኳ እውነት ተናገርሁ።

«ታዲያ ምንድን ነው ያለው?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ።

«እንግሊዝኛው ጥልቅ ነበር፤ አልገባኝም» አልሁ።

ማጭዱን ብብቱ ሥር አስተካከለ። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ «እንግዲያ ዝም ብትል ምን ነበር» አለኝ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ ደግሞ፣ «የገባህ ቀን ንገረኝ።»

በማግስቱ ሰሊጥ ጫኝ መኪና ላይ ወጥቶ ወደ አብደራፊ ሄደ አሉ። የቀሩት ሰዎቹ በየካምፑ ተበታተኑ። ከዚያ ወዲህ ስንት አጨዳ አለፈ፤ ከተሳቢ በወረደ ሰው ሁሉ ብብት ሥር ማጭድ ስፈልግ እገኛለሁ። ፊልሙን ከፍላሹ ላይ አጠፋሁት። የጎጃም ድምፄንም ተውሁ፤ አሁን ጀግኖቼ ሁሉ የሚናገሩት እንደ ፍየሉ ብቻ ነው።

ስለ ፊልም ሠሪዎቹ የተናገርሁትን ግማሹን እሰርዛለሁ። አሳንሰሩና ድመቱ ከላይ የተለጠፉ ቀልዶች ነበሩ። የመቃብሩ ቀልድ ግን ከጀግናው ከራሱ ሆድ የወጣ ነው። ዝምተኛው ከዚያች ቃል በኋላ ይበልጥ ዝምተኛው ሆነ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያላት ነገር ይህች ናት፦ «ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ ዛሬም ዘገየሁ።»

ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛ ክፍል የምንማራት እንግሊዝኛ ናት። የኋላ ኋላ ሰው አላስረዳኝም፤ ያኔውኑ፣ በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ ገብታኛለች። ቤቱ ሙሉ ሰው ያለ እኔ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው ቀናሁበት።