ከላይኛው እርከን ሲጸድቅ

አማቴ መንግሥትን የፈለጉት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጓሯቸውን የሚበላውን ቦረቦር እንዲያስቆምላቸው። ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። በደርግ ጊዜ በአንዱ ክረምት ጎርፉ አጥሩን ወሰደ፣ ጌሾውን ነቀለ፣ ከዚያ እሳቸው ከሚተኙበት መደብ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር ሊደርስ ሲል መስከረም ጠባ። ለሚመጣው ክረምት የቀሩት ግድግዳውና እሳቸው ነበሩ። እኔና ባሌ እኛ ዘንድ ይግቡ ብንላቸው፣ ሟች ባለቤታቸው የሠሩትን ቤት ለጎርፍ ለቅቀው እንደማይወጡ ቁርጡን ነገሩን።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እርዳታው ፍኖተ ሰላም፣ እርሻ መሥሪያ ቤት ነው ያለው አለን፤ ድንጋይ ታስሮበት ጎርፍ የሚገድብ ሽቦም፣ ችግኝም። በጭነት መኪና ሄድን። እኔ የተወሰድኩት ትንሽ ስለተማርኩ የመንግሥትን አማርኛ እንድተረጉም ነው። መጀመሪያ የገባንበት ክፍል የከብት ክትባት ሆነ። በሚቀጥለው ክፍል ሰዎቹ በሙሉ ስብሰባ ሄደው አንድ የፈረንጅ ዶሮ ጠረጴዛ ሥር ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ ካኪ የለበሰ ወጣት አገኘን። አማቴን «ጓዲት እናት» ብሎ አስቀመጠና ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሰሚዎቹ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«ጥያቄዎ በየእርከኑ ይታያል። ከላይኛው እርከን ሲጸድቅ እርዳታው ይደርስዎታል።»

አማቴ መርቀውት ወጡ። ለሳቸው እርከን ማለት በዘመቻ ጊዜ ከማዶው ተራራ ላይ ሲሠራ ያዩት የድንጋይ ካብ ነው፤ የሚጸድቀው ደግሞ የተተከለ ነገር ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ግልጽ ነበር። እርከን ይሠራሉ፣ ከላይኛው ላይ ይተክላሉ፣ ተክሉ ሲጸድቅ መንግሥት ይመጣል። እርከን ያለው ከባለሥልጣን በላይ ያለውን ባለሥልጣን ነው፣ ይጸድቃል ማለቱም ይፈቀዳል ማለቱ ነው እያልኩ እስከ ቡሬ ድረስ ለፈለፍኩ።

«ሰው በሰው ላይ ተክቦ ነው የምትይኝ?» አሉ።

አዎ አልኩ። ከልባቸው አዘኑልኝ።

ደቦ ጠሩ። የራሳቸውን ጌሾ ጎርፍ ስለወሰደው ጠላው በጎረቤት ጌሾ ተጠመቀ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣው ሰው ማን አዘዘ ብሎ ሲጠይቅ «መንግሥት» ይላሉ፤ ሰውየውም ይደነግጥና ድንጋይ ይጨምራል። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ትእዛዙ እሱን ዘልሎ ያለፈ መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲክብ ዋለ። ከላይኛው እርከን ላይ አማቴ ሰንሰል ተከሉ፤ ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ ሁሉ ለሱ ነበር የሚያደርጉት። እኔ እበሽቅ ነበር። ሽቦው አይመጣም፣ ግድግዳው ይናድባቸዋል ብዬ ፈርቼ ነው የበሸቅኩት።

ሐምሌ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ የፈራነው ዝናብ ወረደ። ከባሌ ጋር እየሮጥን ስንደርስ አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ወደ ጓሮ ዞርን። ጎርፉ ከካቡ ሲደርስ ይቆማል፣ አፈሩን ይጥላል፣ እንደገና ከታችኛው ካብ ይቆማል። ከግድግዳው አጠገብ የደረሰው እግር የሚያስታጥብ ያህል ውሃ ነበር። እዚያው ዝናብ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ ያ ወጣት ከሊቀመንበሩ ጋር በበቅሎ መጣ። ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቷል።

«እናት፣ ጥያቄዎ ከላይኛው እርከን አልጸደቀም» አለ።

አማቴ ተቆጡ። ክንዱን ይዘው ሽቅብ ወሰዱት። ሰንሰሉ ነጭ አበባውን አውጥቶ ንብ ሰፍሮበታል።

«ጓድ ልጄ፣ ይኸው። ማን ነው አልጸደቀም ያለህ?»

ወጣቱ ሰንሰሉን አየ፣ ካቡን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። ይህን ማን አሠራዎት ሲላቸው «ያልኸኝን ነው የሠራሁ» አሉት። ካቡ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ተብሎ ተመዘገበ። ሊቀመንበሩም ተመሰገነ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ያን ቀን ንግግሩ በእውነት አልገባዎትም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አገሩ የቅኔ አገር ነው፣ ሰውን ማመን ያስቸግራል። አማቴ ቀና ሳይሉ ከካቡ የወደቀች ድንጋይ ወደ ቦታዋ መለሱ።

«አንች ገብቶሽሳ፣» አሉ፣ «ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂ አልነበር?»