ጠበሉ ውስጥ የሚቀዝፉት

በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ በነበረው የጣልያን ክሊኒክ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ሰፈርተኛው ባንዳ ይለኝ ነበር። ይበለኝ። እናቴ ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው ቤታችን ተኝታ በተቅማጥ እያለቀች ነበርና፣ መድኃኒት የሚገኝ ከሆነ ሲኦልም ወርጄ አንሶላ አጥብ ነበር።

እናቴ ሱባኤ ይዛ ስለነበር ከሰፈራችን ጠበል በቀር ሌላ ውሃ አትቀምስም። ምንጩ ደግሞ ከከብት መዋያው ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ እበቱን ሁሉ ወደዚያው ያወርደዋል። ነገሩ ስላላማረኝ ከጠበሉ በጠርሙስ ቀዳሁ፣ ከእሷ ዐይነ ምድርም በትንሽ ቅል ከድኜ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። ሐኪሙ ጠላት ነው፤ ሥራውን ግን ይወዳል። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ እንዳይ ፈቀደልኝ።

በጠበሉ ጠብታ ውስጥ የጫማ ሶል የሚመስሉ ነገሮች ይከንፋሉ። እግር የላቸው፣ ክንፍ የላቸው። ጠብታዋ መድረቅ ስትጀምር ዘገም አሉና ዙሪያቸውን የከበበውን ፀጉር አየሁት። ፀጉሩ ሁሉ ባንዴ አይቀዝፍም። አንዱ ሲወድቅ ቀጥሎ ያለው ይነሣል፣ ከዚያ ሌላው፤ ነፋስ የገብስ ማሳ ላይ ሲሄድ እንደሚታየው። ማን እንደሚያዛቸው ብጠይቀው በተሰባበረ አማርኛ «ማንም» አለኝ። አንዱ ፀጉር የገፋው ውሃ ጎረቤቱን እየገፋ ተራ እንደሚያስይዘው የተማርኩት ከዓመታት በኋላ፣ መምህርት ስሆን ነው። አዛዥ በበዛበት በዚያ ዘመን ግን ያለ አዛዥ የሚሄድ ነገር ማየቴ ብቻ ደስ አሰኘኝ።

ከእናቴ የመጣው ጠብታ ውስጥ ያሉት ሌሎች ናቸው። ዛሬ ሁሉም ሰው ጃርዲያ የሚላቸው ናቸው። ጥንድ ጥንድ ጭራቸውን እየገረፉ፣ ከዛፍ እንደሚወርድ ቅጠል እየተገላበጡ ይዋኛሉ። ሐኪሙ ያሳመሟት እነዚህ መሆናቸውን ነገረኝ። ፀጉራሞቹ አይጎዱም፤ እንዲያ የበዙበት ውሃ ግን ቆሻሻ የገባበት ነው። መራራ ቢጫ ክኒን ሰጠኝና ውሃው ካልፈላ ክኒኑም ከንቱ እንደሆነ አስጠነቀቀኝ።

ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ከመደቡ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ይኸው! ኃይል ባይኖረው ያን ሁሉ ፍጡር ያኖር ነበር?» አለችና አንድ ዋንጫ ጠበል ጨምሪልኝ አለችኝ።

ሳቄና ንዴቴ ባንድነት መጡ። የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ «ጠበል እሳት አይነካውም። ይህ የጣልያን ወሬ ነው» አሉኝ።

«አባቴ፣ ጠበሉን ትተወው አልኩዎት? ትጠመቅበት። የምትጠጣውን ግን ከወንዝ ቀድቼ አፈላላታለሁ።»

«ሱባኤዬንስ?» አለች እናቴ። «ጀምሬ ላፈርስ ነው? ይልቅ አንቺ ጠጪልኝ።»

አባ ጥቂት አሰቡ። «ልጅ ለእናቷ ብትፈጽምላት ሱባኤው ይደርሳል» አሉ።

ፈራሁ። ያንን ውሃ ውስጡን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚያ ቤት ካለነው ሰዎች ሁሉ መጠጣት የማይገባኝም እኔ ነበርኩ። እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ክንዷ ቀጥኖ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። እሱን ሳይ ፍርሃቴን ዋጥኩት።

ወንዝ ወርጄ ቀዳሁ፣ አንተክትኬ አፈላሁት፣ እስኪቀዘቅዝም ጠበቅሁ። ከዚያ በዋንጫ የፈላውን ለእሷ፣ ጠበሉን ለራሴ ቀዳሁ። እናቴ አልነካችም፤ ዐይን ዐይኔን ታያለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለታችንም ሞኝ ነበርን። ጠበሉ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይታይበትም። አማተብኩና እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጥኩት፤ ባዶውንም ገልብጬ አሳየኋት።

ያን ጊዜ ክኒኑን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ፊቷን አኮማትራ በፈላው ውሃ ዋጠችው።

«ነገስ?» አለችኝ።

«ነገም እጠጣለሁ፤ አንቺም ትውጫለሽ» አልኳት።