እንዲያቆም የተሠራው ቦርድ

ሰዓዳ ጠሃን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም። የተቃጠለ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ፣ አላቀዘቅዝ ያለ ፍሪጅ፣ ሁሉም መጨረሻው እሷ ሱቅ ነው። እጇ ወርቅ ነው፤ ምላሷ ደግሞ ስለት።

ያን ሰሞን ወንድሟ ማህዲ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣው ዕቃ ግን ሳቋን ነጠቃት። ማህዲ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የወረቀት ፋብሪካ የእንፋሎት ተርባይን ኦፕሬተር ነው። ዕቃው ተርባይኑ ከልኩ በላይ ሲፈጥን እንፋሎቱን የሚዘጋው የደህንነት ቦርድ ነበር። ፍጥነቱን ሦስት ሴንሰሮች ይነግሩታል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ይዘጋል። አሁን ግን ያለ ምክንያት እየዘጋ ሰውን አማረረ።

«ካልተሠራ ጋሽ ወንዱ በሽቦ አገናኝቶ ተርባይኑን ያለ ቦርዱ ሊያስነሳው ነው» አለ ማህዲ።

ወንዱ የፈረቃው ኃላፊ ነው። እንዳለው ካደረገ ተርባይኑን በጊዜ የሚያቆመው አይኖርም፤ ቢፈነዳ ደግሞ አጠገቡ ያለው ማህዲ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህማ ምሳውን እንኳ የሚበላው ፊቱን ወደ ተርባይኑ አዙሮ ነው።

ሰዓዳ ቦርዱን ፈታታ ፈተሸችው። ምንም የለበትም! ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር፤ እሷ ግን ብው አለች። ጤነኛ ከሆነ ምን ያሳብደዋል? ቦርዱን ታቅፋ፣ ማህዲን አስከትላ በባጃጅ ወደ ፋብሪካው ከነፈች።

እዚያም ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተለች።

«ጋሽ ወንዱ፣ ቦርዱ ጋ የሚገባው ሦስት ሽቦ ነው፤ ከማሽኑ የሚመጣው ግን ሁለት።»

ወንዱ አንገቱን አከከ። «አንዱ ሴንሰር ሞተብንና ከጎረቤቱ ቀጠልኩለት። ለጊዜው ብዬ እኮ ነው።»

ሰዓዳ ከት ብላ ሳቀች። አባቷ ሸህ ጠሃ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። ምስክር ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው ነው፤ ከሌላ የሰማ አይቆጠርላቸውም።

«አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ አቆማችሁታ! እሱ በቀባጠረ ቁጥር ቦርዱ ሁለት ሰው የመሰከረ ይመስለዋል።»

«አቤት ጉዴ! ሸህ ጠሃ ይህን እንዳይሰሙ» አለ ወንዱ። ያለ ቦርዱ ሊያስነሳበት ያዘጋጀውን ሽቦ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ከኮምቦልቻ አዳዲስ ሴንሰሮች አስመጣ።

ሴንሰሮቹና ቦርዱ ሲገጠሙ የቀረው ፈተናው ነበር። ተርባይኑን ሆን ብሎ ከልክ በላይ አስሩጦ፣ ቦርዱ ማቆሙን ማየት። ወንዱ ሰዓዳን ውጪ ጠብቂ አላት።

«ወንድሜን ትቼ? ወላሂ አልወጣም!»

ፍጥነቱ ጨመረ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሰዓዳ የማህዲን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ድንገት ቀዩ መብራት በራ፤ ቫልቩ ጓ! ብሎ ተዘጋ፤ ያ ሁሉ ጩኸት እየሟሸሸ ሄዶ ጸጥ አለ።

አዳራሹ በፉጨትና በእልልታ ተናጋ። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ሲራገሙ የከረሙ ሰዎች ዛሬ ስለቆመ ተቃቀፉ። «ኑሪልን፣ የኔ እህት!» አለ ወንዱ። ሰዓዳ ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት እየሳቀች አለቀሰች።

ለምሳ ሲቀመጡ ተርባይኑ እንደገና ይዞር ነበር። ማህዲ ሳህኑን አነሳ፤ ወንበሩን አዞረና ለተርባይኑ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ነይ፣ እንብላ» አላት።