ማህተም ያለበት ንግግር

ላቀውን ያወቅሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ኋላ እኔ የዳባት ማንበቢያ ቤት ኃላፊ ሆንኩ፤ እሱ ደግሞ ከደባርቅ በላይ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጽጌ ሜዳ የሚባል ቀበሌ ላይ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ማንበቢያ ቤት ተሰጠችው። ኃላፊ ይበሉን እንጂ ጠራጊውም ዘበኛውም እኛው ነበርን። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሲጨንቀው የሸሚዙን ቁልፍ የሚነካካ ሰው ነበር። መቆጣት አያውቅም። እሱን ወክዬ የምቆጣለት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ይኸው ስለሱ ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ለማንበቢያ ቤቶች አንድ ደንብ ነበረ። መጽሐፍ ከቤቱ አይወጣም። አንባቢ ይመጣል፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የፈረመው ሰው ይቆጠራል። ቤቱ የሚከፈተው ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ነው። ገበሬው ታዲያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሞፈሩን ጥሎ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው? ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ማረሻ በሩቁ እንኳ ያየ አይመስለኝም። ላቀው ደንቡን አንድ ዓመት ሙሉ አከበረ፤ በቀን ሦስት ሰው መጣለት፤ ከሦስቱም አንዱ ዝናብ ሊጠለል የገባ ነበር። ከዚያ በኋላ መጽሐፎቹን በድብቅ ማዋስ ጀመረ። የተዋሰውን ሰው ስምና ቀን በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፋል፤ መጽሐፉ ሲመለስ ስሙን ይሰርዛል። አንድም መጽሐፍ ጠፍቶበት አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የምታነበው ታንጉት ነበረች። አርባውን ያለፈች ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ፊደል ያስቆጠራት ላቀው ስለሆነ የኔታ ትለዋለች። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ሲበላ ለጎረቤቶቿ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። አንዴ ስለ ከብት በሽታ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ተውሳ ሄደች። በጎች ረግረግ ላይ ሲግጡ ጉበታቸው ውስጥ ትል እንደሚገባ ከዚያ አነበበችላቸው። በዚያ ክረምት ሰፈሩ በጎቹን ከረግረጉ አራቀ፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር በጉን ሲቀብር የእነሱ ደህና ከረመ። ይህ ሁሉ ግን መዝገብ ላይ የለም። መዝገቡ የሚያውቀው ወንበሩን ብቻ ነው።

በ1976 ዓ.ም. መባቻ ላይ አንባቢያቸው ያነሰ ማንበቢያ ቤቶች የማዳበሪያ መጋዘን ይሁኑ የሚል ሐሳብ መጣ። ውሳኔው የካቲት ላይ ደባርቅ በሚደረገው የማንበቢያ ቤት ኃላፊዎች ጉባኤ ይሰጣል ተባለ። ላቀው ሰማያዊ ደብተሩን ይዞ የጉባኤው አዘጋጅ ወደነበረው ጓድ ቢራራ ሄደ። ደንብ መጣሱን በገዛ እጁ ይዞ መቅረቡ ነበር፤ ቤቷ ከተረፈች ይቅጡኝ ብሎ ነው የቆረጠው። ጓድ ቢራራ ግን ሊቀጣውም አልፈለገም። ደብተሩን አገላብጦ መለሰለት።

«ይኼ ማህተም የለበትም» አለው። «ደግሞም የጻፍከው ራስህ ነህ። እንዳላየሁት እቆጥረዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ከበላይ አንድ ሰርኩላር ደረሰን። በጉባኤው ላይ ከሙያው ውጭ ያሉ ተናጋሪዎችም ይጋበዙ ይላል። ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባን፤ ከእርሻ፣ ከጤና፣ ከፖሊስ ኃላፊዎች ይጠሩና ንግግር ያደርጋሉ። ቃሉን እንደተጻፈ ያመነው ላቀው ብቻ ነው። ከሙያው ውጭ ከሆነ ታንጉት ትምጣ አለ። እኔ ብናገር ለገዛ ቤቱ ይሟገታል ይሉኛል፣ እሷ የበጎቹን ነገር ብትናገር ግን ማን እምቢ ይላል አለኝ። እኔም ደግ አልክ አልኩት። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገውን ዝም ብዬ ማየቴ ነው።

ደብተሩ ማህተም የለውም ከተባለ ወዲህ ላቀው ማህተም ማህተም ሲል ሰነበተ። የታንጉት ግብዣም ጉድለት እንዳይገኝበት ብሎ ደብዳቤውን የጓድ ቢራራ ጽሕፈት ቤት ጽፎ፣ ማህተም አድርጎ እንዲልክላት ለመነ። ጸሐፊዋ በለመደችው መልክ ጻፈችው፤ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት ደባርቅ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን ይላል። ታንጉት ማንበብ ትችላለች፤ አነበበችው። ወቅቱ ለውትድርና ወጣት የሚለቀምበት ነው፤ እሷም ገሠሠ የሚባል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ አላት። በማግስቱ ገሠሠን ስንቅ አስይዛ በየዳ ከሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ሰደደችው፤ እሷም ማንበቢያ ቤቱ ደጅ ድርሽ ማለት ተወች።

ላቀው ነገሩን ሲሰማ ቤቷ ድረስ ሄደ። አጥሯ ጥግ ቆማ ተቀበለችው። ማህተም ያለው ወረቀት ለደግ ነገር መጥቶ አያውቅም አለችው። እሱ ደግሞ ማህተሙ ለክብሯ እንደሆነ፣ ማህተም ያረፈበትን ነገር ማንም ሊጠይቅበት እንደማይችል፣ በልጇም እንደማይመጡባት እየማለ ነገራት። በመጨረሻ እርስዎ ካሉማ ብላ እሺ አለች። መንገዱን ሁሉ ስለ በጎቹ ምን እንደምትል እየተለማመደች ወረደች፤ ላቀው ይህንን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር።

ጉባኤው በጠዋት ተጀመረ። የእርሻው ሰው ስለ ማዳበሪያ አንድ ሰዓት ተናገረ። የጤናው ሰው ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈር ተናገረ። የፖሊሱ ሰው ስለ ንቃት ተናገረ። መጽሐፍ የሚል ቃል ካፉ የወጣው አልነበረም። ከሙያው ውጭ መባላቸው ልክ ነው፤ አንዳቸውም ወደ ሙያው አልቀረቡም። እኔ ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ላቀውን አየዋለሁ፤ ቁልፉን ይነካካል። ታንጉት የኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ በትዕግሥት ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ ተራዋ ሲደርስ ጓድ ቢራራ ተነሣና አንድ ወረቀት ሰጣት። ክፋት አልነበረበትም። ከገበሬ ወገን መድረክ ላይ ለሚወጣ ሁሉ ንግግር ይጻፍለት ነበር፤ የታንጉትም መምጣት በጽሕፈት ቤቱ ስላለፈ ተዘጋጅቶላታል። ላቀው ያስጻፈላት ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ መምጣቷን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ክብ ሐምራዊ ማህተም አለ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ ጣቷ ማህተሙን ሲነካው አየሁ። ቀና ብላ ላቀውን ፈለገችው። እሱ ራሱን ነቀነቀላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነበር።

አነበበችው። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈችም፣ ነጥቡ ጋ ታርፋለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ትቀጥላለች። ለአብዮቱ ምስጋና አቀረበች። ቀጥሎም የጽጌ ሜዳ አርሶ አደር የማንበብ ፍላጎቱ ሙሉ በሙሉ እንደተሟላለት፣ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ እንደሆነ አነበበች። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ያልቻልነው ሁለት ሰዎች ነበርን።

ላቀው እጁን አወጣ። ስለ በጎቹ ትናገር ብሎ ለመነ። ጓድ ቢራራ ሰዓቱን አየና አርሶ አደሯ ራሳቸው በሚገባ ገልጸውታል፣ ከሳቸው በላይ ምስክር የለም አለ። የጽጌ ሜዳው ቤት መጋዘን እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፅ የተባለው እኔና ላቀው እጃችንን ሳናወጣ ነው።

ስንወጣ ታንጉት ደጅ ላይ ትጠብቀን ነበር። ደስ ብሏታል። ያን ያህል ሰው ፊት ወረቀት ይዛ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ፊደል አልገደፍኩም የኔታ» አለችው።

«አልገደፍሽም» አላት።

«የበጎቹን ነገር ልናገር ብዬ ነበር። ግና ማህተም ያለውን ትቼ የራሴን ባወራ እርስዎን ይጠይቁብኛል፣ ልጄንም ያስታውሱታል አልኩ። ማህተም ያለውን ማንም አይጠይቅበትም ብለውኝ የለ?»

ልጮህባት አፌን ስከፍት ላቀው ክንዴን ያዘኝ። ብያለሁ አላት፤ ደግሞም ጎበዝ አላት። ልጮህ የሚገባኝስ በማን ላይ ነበር? ቢራራ የለመደውን ሠራ፣ እሷ የተነገራትን አመነች፤ የነገራት ደግሞ ላቀው ነው።

በሳምንቱ መጽሐፎቹ በሣጥን ተጭነው ወረዱ፤ በሩ ላይም እሽግ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላቀው ራሱ ዳባት ወርዶ አጫወተኝ። ታንጉት የተዋሰችውን መጽሐፍ በቀጠሮዋ ቀን ልትመልስ መጥታ እሽጉን አገኘች። ማህተም ያለበትን ወረቀት እስከ ታች አነበበችና ሳትነካው ወደ ላቀው ቤት ሄደች። መጽሐፉን ጠቅልላ ከያዘችበት ጨርቅ አውጥታ ሰጠችው። አንቺው ዘንድ ይቅር፣ የሚጠይቅሽ የለም አላት።

«ስሜ ደብተርዎ ላይ አለ» አለችው። «ይሰርዙልኝና ልሂድ።»

ሰማያዊውን ደብተር አወጣ። ያልተሰረዘው ስም የእሷ ብቻ ነበር። ሰረዘው፤ እሷም ቆማ በዓይኗ አይታ ሄደች።