የኦርፋ አጭር ጥርሶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1936፣ ዓርብ። ኦርፋ ኬተሪንግ ለእህቷ ለአዴላ የጀመረችው ደብዳቤ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል። «ሰኞ ደግሞ የሽፍታ እናት ልሆን ነው፤ ጥርሴን ግን መጀመሪያ» ይልና ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወንበሯ ላይ ሞታ ተገኘች።

ጥርሶቿን በሙሉ ያጣችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ በሕመም ነው። ሆሊውድ የመጣችው ልብስ ልትሰፋ ነበር። አንድ ቀን ድዷን አሟት ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ ሾርባ ስትጠጣ አንድ አዘጋጅ አያትና በማግስቱ ሻሽ አስሮላት ያለ ጥርሷ ካሜራ ፊት አቆማት። ጉንጯ ይሰረጉዳል፣ አገጯ አፍንጫዋን ሊነካ ይደርሳል። ስልሳ አንድ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ አሮጊት ሆነች። ጋዜጣ ስልሳ አራት ያለው ስሕተት ነው፤ ሦስቱን ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። የሚበልጧት ወንዶች ሳይቀሩ «እማማ» ይሏት ነበር።

ከዚያ ፊልም መናገር ጀመረ። ኖቬምበር 6 ቀን 1929፣ ረቡዕ፣ ለድምፅ ፈተና ተጠራች። ከፊልም ኩባንያው ጋር ያላት ውል የሚያበቃው ቅዳሜ ነው። ባለፈው ሳምንት ፈተናውን ከወደቁት ውሉ የታደሰለት አንድም የለም።

ጥርሷን አውልቃ ተናገረች። የድምፅ ባለሙያው ሌስተር ከመቅረጫ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ብቅ አለ።

«እማማ፣ የሚሰማኝ ነፋስ ነው። ቃል የለም።»

«እስቲ ጥርስሽን አድርጊው» አለ አዘጋጁ ሃልቮርሰን። አደረገችና ተናገረች። እሱ ግን በካሜራው አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ድምፁ መጣ፣ አሮጊቷ ሄደች። የፖስታ ቤት ጸሐፊ መሰልሽ።»

«ጸሐፊ አትፈልጉም?»

«ለጸሐፊ የሃያ ዓመት ልጆች በር ላይ ተሰልፈዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ነገር አድርጊ። ከዚያ ሌላ ሰው እሞክራለሁ።»

ጥርስ ሐኪሙ ፕሩዊት ያለው ከመንገዱ ማዶ ነው። ጥርሷን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሞርደው። ላዩንም ታቹንም፣ እስከ ግማሹ። ጉንጬ ይሰርጎድ፣ ቃሉ ግን አይጥፋ።»

«ትርፍ አለሽ?»

«ያለኝ ይኸው ነው።»

«ኦርፋ፣ አንዴ ካጠረ አጠረ። ካልተቀበሉሽ በየትኛው ፊትሽ ሌላ ሥራ ትጠይቂያለሽ? በአርባ ሦስት ዓመትሽ ሰው ሰባ ነው የሚልሽ።»

«እኔም የምፈልገው ሰባውን ነው። ይልቅ እጅህ አይንቀጥቀጥ።»

«ስታወሪ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

ሞረዱ ሲፍቅ፣ ነጩ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ሲበን፣ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አልተነቀለም። ስምንት ተኩል። ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ። ለማለስለስ አልደረሰም፤ እንደ ሻከረ ነጥቃው ወጣች።

ካሜራው ፊት ስትቆም ድዷ ይደማ ነበር። ደሙን ዋጥ አድርጋ የተሰጣትን ተናገረች፦ «በሩን ዝጋው ልጄ፣ ብርዱ የሚገባው እኔ ላይ ነው።»

«ድገሚው» አላት ሌስተር። ደገመችው።

«አንድም ቃል አልጠፋኝም» አለ።

ሃልቮርሰን ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያረጀሽው?» አላት።

«ከምሳ በኋላ።»

ቅዳሜ ፈረመች። ረጅም ጥርስ ዳግመኛ አላሠራችም፤ ትራም ላይ ስትወጣ የእኩዮቿ ልጆች ሳይሆኑ እኩዮቿ ራሳቸው ተነሥተው ያስቀምጧት ጀመር። መጀመሪያ እምቢ ትል ነበር፣ በኋላ መቀመጥ ለመደች። በእነዚያው ጥርሶች ሃያ ሁለት ፊልም ላይ ተናገረች።

በዚያች በመጨረሻዋ ዓርብ ለአዴላ ደብዳቤውን ስትጽፍ የታችኛው ጥርሷ ተሰነጠቀ። ብዕሩን አስቀምጣ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ፕሩዊት ሳይዘጋ ደረሰች። አርባ ደቂቃ ጠብቃ አስጠገነችው።

«አድርጊውና ልየው» አላት።

«ሰኞ አደርገዋለሁ። እስከዚያ ይድረቅ።»

በወረቀት ጠቅልሎ በክር አስሮ ሰጣት። መንገድ ላይ ሁለት የበሰለ ሙዝ ገዛች፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጥቅሉን ይዛ ቤቷ ገባች።